ወለሉ ለማን ነው?

የሰው ቤት ስንገባ መጋረጃውን እናደንቃለን፤ ቡፌውን፣ ሶፋውን እናደንቃለን። ወለልን የሚያመሰግን ግን የለም። ስሙ የሚነሣው ሰው ሲጥል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ያረጀ ወለል ማደስ የእንጨትና የቀለም ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ዘንድሮ እቤታችን አይተናል።

ቤታችን አያት ነው። አያታችንም ከእኛው ጋር ስለሚኖሩ ጓደኞቻችን “አያት ያሉት አያት” እያሉ ይቀልዳሉ። ፓርኬው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሰፈራችን ከመድረሱ በፊት የተነጠፈ። ዛሬ መካከሉ ገርጥቷል፣ በበሩ በኩል ጠቁሯል፤ ከአያታችን መኝታ እስከ ሳሎን ባለው ኮሪደር ላይ ደግሞ ቫርኒሹ ጨርሶ አልቋል።

ምን ይሻላል? አባዬ “ተነቅሎ ሴራሚክ ይግባ፤ የዘመኑ ሰው ሁሉ ያደረገው ነው” አለ። እማዬ “ሰም ይቀባና እንግዳ ሲገባ ያብለጭልጭ” አለች። አናጢው ደግሞ “በማሽን ፍቀን ቫርኒሽ እናጠጣው፤ መስታወት ይሆናል” አሉ።

እኛ ሦስቱ ልጆች መጀመሪያ ወለሉን ራሱን እንጠይቀው ብለን ውሃ ጠብ አደረግንበት። ሶፋው ሥር ጠብታው እንደ ዶቃ ቆመ፤ ቫርኒሹ አለ ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ ግን ወዲያው ሰርጎ እንጨቱን አጠቆረው። ቀጥለን በሩ ሥር አንዱን እንጨት አንሥተን ውፍረቱን አየን። የሚፋቀው ከመሰኪያው ጥርስ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ ማሽን በገባ ቁጥር ጥቂት ይበላል። ስለዚህ ፓርኬ በዕድሜው ሙሉ ቢፋቅ ጥቂት ጊዜ ነው። የእኛው ገና ሥጋ አለው።

ሰምስ? ርካሽ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። ግን ያንሸራትታል፤ ደግሞ ሰም የጠጣ እንጨት ላይ በኋላ ቫርኒሽ ልቀባ ቢሉ አይዝም። ሴራሚክ ለመጥረግ ይመቻል፤ በክረምት ግን ለባዶ እግር በረዶ ነው፣ ለሚወድቅ አጥንትም አይራራም። የዘይት ቫርኒሽ ጠንካራ ነው፤ ሽታው ግን ቀናት ይቆያል፣ አያታችን ደግሞ አስም አለባቸው።

ነገሩ የበራልን እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ይህን ወለል በዓመት ስንት ቀን ይረግጠዋል? ሌሊት ግድግዳ እየዳበሱ በዚያ ኮሪደር የሚሄዱት አያታችን ናቸው። ለእንግዳ አብረቅርቆ ቤተኛን የሚጥል ወለል “የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ” ከሚባለው ሰው በምን ይለያል? እንግዲያው ቃሉ የእሳቸው ነው ብለን ጠየቅናቸው።

“በእኛ አገር ወለል በየጊዜው በእበት ይለቀለቃል፤ እስኪሰነጠቅ አይጠበቅም። ማማሩን እናንተ እወቁት፤ እኔን አይጣለኝ እንጂ” አሉ።

በቃ! ጥቅምት ላይ፣ ዝናሙ ወጥቶ እንጨቱ ሲደርቅ፣ አያታችን አክስታችን ቤት ሰነበቱ፤ ማሽኑ ገባ። በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ፣ በ80 አልፎ፣ በ120 አለቀ። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነበር፤ የእንጨት ብናኝ ካንሰር ያመጣሉ ከተባሉት አንዱ ነውና። ሰጋቱራው ተጠርጎ ሲወጣ የባሕር ዛፉ ቀይ መልክ ብቅ አለ። ክፍተቱን ሁሉ በስቱኮ አልደፈንነውም፤ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፣ መላወሻ ይፈልጋል። በመጨረሻ ሽታው ቶሎ የሚለቅ፣ በውሃ የሚበጠበጥ፣ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሦስት እጅ ጠጣ። ዋጋው ስለከበደ ለአዲስ መጋረጃ የተቀመጠው ገንዘብ እዚያው ገባ፤ እማዬ ሁለት ቀን አኩርፋለች።

አባዬ ጎንበስ ብሎ አየና “እንዴ! ያን ሁሉ ብር ከስክሰን አያበራም?” አለ።

አያታችን መልስ አልሰጡትም። ጫማቸውን አውልቀው፣ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ኮሪደሩን እስከ ሳሎን ሄዱበት።

“ይይዛል” አሉ።