ከዴይራ የመጣች ጫማ

ዱባይ ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ ቡርጅ ኸሊፋ ይሆናል፤ 828 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ። እኛ አምስት ዓመት የኖርነው ግን ዴይራ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ነው። ከፎቃችን ሥር የኬረላ ሰው ሱቅ አለ፤ ጥግ ላይ ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤት። ዓርብ ዓርብ ክሪክ የሚባለውን ውኃ በአብራ እንሻገር ነበር። አብራ ትንሽ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ክፍያዋ በሰው 1 ድርሃም ነው። ልጃችን ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው፤ ከአሻንጉሊቶቿ ሁሉ አብራን ትወድ ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስዊድን ጨርሼ ነው አንድ ኩባንያ ወደ ዱባይ ቅርንጫፉ የላከኝ። ሥራዬ የሆቴል ክፍል ማስያዣ ሶፍትዌር መጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ግን ስክሪኔ ላይ የማየው ስረዛ ብቻ ሆነ። በወሩ መጨረሻ የመንገደኞች በረራ ቆመ። በኤፕሪል መጀመሪያ ከተማዋ ቀንም ሌሊትም ተዘጋች፤ ሜትሮውም ቆመ፤ ከቤት ለመውጣት በኢንተርኔት ፈቃድ መጠየቅ ነበረብን። ያ ሁሉ ጡሩምባ የሚሰማበት ሰፈር ጸጥ ሲል በመስኮት የርግቦች ድምፅ ይገባ ጀመር።

በጁን ወር ኩባንያው ሥራዬ እንዳበቃ ነገረኝ። እዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራዬ ጋር የታሰረ ነበር። መጀመሪያ የባለቤቴና የልጄ ፈቃድ ተሰረዘ፤ ከዚያ የእኔ። ሕጉ እንደዚያ ነው። ባለቤቴ፣ «አባወራ መጨረሻ ይወጣል ማለት ነው» ብላ አሳቀችኝ። ዕቃችንን ሸጥን፤ የልጄን ብስክሌት ለባለ ሱቁ ልጅ ሰጠናት።

እንደ ባህላችን ቢሆን በመጨረሻው ማታ ቤታችን በሰው ይሞላ ነበር። ቡና ይፈላል፣ ይመረቃል፣ ይለቀሳልም። የመጣው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ የምትሠራ እህታችን። ሊፍቱ አጠገብ ቆመች።

«ግቢ እንጂ!» አልኳት።

«አልገባም፤ ልጅ አለህ።»

ሁለት ፌስታል መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ሸሸች። በአንዱ እንጀራ ነበር።

«ወደ አዲስ አበባ እንጀራ ይዤ ልሂድ?»

«ለመንገድ ነዋ!»

በሁለተኛው የልጅ ጫማ ነበር፤ ቀይ፣ አበባ ያለበት። ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኮልፌ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። እናትየው ለፋሲካ ልትሄድ ቲኬት ቆርጣ፣ ጫማውን በፌብሩዋሪ ከናይፍ ገበያ ገዝታ ነበር። በረራው ሲቆም ቀረች። ምግብ ቤቱም ለወራት አልከፈላትም። «አሁን ብሄድ ተመልሼ መግባቴን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ጨመረች፦ «አደራ።»

አደራ «እባክህ» ከማለት ይከብዳል። «አንተን አምኜ ሰጠሁህ» ማለት ነው። ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል ብዬ ጫማውን በእጄ ያዝኩት።

በኦገስት መጨረሻ የምርመራ ወረቀታችንን ይዘን ተሳፈርን። አውሮፕላኑ ውስጥ ልጄ፣ «አባዬ፣ አገር ቤት ማለት ቤታችን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔና እናቷ ስልክ ላይ «አገር ቤት፣ አገር ቤት» ስንል ስትሰማ ነው ያደገችው። የእሷ ቤት ግን ዴይራ ነበር። ምን ልበላት? ሳስብ እንቅልፍ ወሰዳት።

ቦሌ ስንደርስ ዝናብ ነበር። ከዱባይ ሙቀት ለመጣ ሰው የክረምት ብርድ አጥንት ይሰብራል። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች፤ መሳም አልቻልንም። ሁለት ሳምንት ግቢው ውስጥ ባለው ሰርቪስ ቤት ተለይተን ቆየን። ምግባችንን በር ላይ አስቀምጣልን ትመለሳለች። ልጄ በመስኮት ታያትና «አያቴ ለምን አትገባም?» ትላለች።

ኮልፌ ስደውል የልጅቷ አያት አልተቸኮሉም። «ልጄ፣ ጤናችሁን ጠብቁ፤ ጫማው አይሸሽም» አሉኝ።

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሄድኩ። ጫማው አልሸሸም፤ የልጅቷ እግር ግን አድጓል። ተረከዟ አልገባ አለ። ጣቶቿን አጥፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ገፋች። እናቷን በቪዲዮ ደወልንላት። ምግብ ቤቱ ተከፍቶ ኖሮ ከኋላዋ የዴይራ መንገድ ይታያል፤ መኪናው፣ ሰዉ፣ መብራቱ።

«እማ፣ ልኬ ነው!» አለች ልጅቷ፣ ተረከዟን በቀሚሷ ሸፍና።

«እስቲ ተራመጂበት፣ ልይሽ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ስልኩን ወደ አያቷ አዞርኩት።