አንድ ጉበት ስንት ጊዜ ይታያል?

የሕክምና ተማሪ መሆኔን የሚያውቁ ጓደኞቼ ዘወትር የሚያቀርቡልኝ አንድ ወቀሳ አለ፤ ይኸውም ሐኪሞች በሽተኛውን ከአልትራሳውንድ ወደ ሲቲ፥ ከሲቲ ወደ ኤምአርአይ የሚያመላልሱት ገንዘቡን ለመልቀም ነው የሚል ነው። በሌላ በሽታ ላይ እውነት የሚሆንበት ጊዜ ይኖር ይሆናል፤ በጉበት ነቀርሳ ላይ ግን አልቀበለውም።

ጉበት ደም የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። ሦስት አራተኛው ያህል ከአንጀት በኩል በሚመጣው ሥር፥ የቀረው በደም ቅዳ ቧንቧ ይደርሰዋል። ከራሱ ከጉበት ሕዋስ የሚነሣው ነቀርሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመገበው ከደም ቅዳው ነው። ስለዚህ ማድመቂያ መድኃኒት በክንድ ሥር ተሰጥቶ በሲቲ ሲታይ፥ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ዕጢው ከጉበቱ ይልቅ ይፈካል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጉበቱ ሲፈካ ዕጢው ይጠቁራል። ሰዓቱን ያሳለፈ ሰው ሥዕሉን አንሥቶ ነገሩን ሳያይ ይቀራል።

እኔን እጅግ ያስገረመኝ ግን ፔት የተባለው ነው። ፔት የሚያሳየው ቅርጽን ሳይሆን ሥራን ነው፤ ጨረር ያለው ስኳር ይሰጥና ነቀርሳው ስኳሩን ሲሻማ ይበራል። ከጤናማው ሕዋስ ብዙ ያልራቀው የጉበት ነቀርሳ ግን የትውልድ ጠባዩን አልተወም፤ ጉበት ስኳርን ወደ ደም መልሶ እንደሚለቅ ሁሉ እርሱም ስለሚለቀው ብዙ ጊዜ አይበራም። በዚህ ብቻ የሚፈርድ ሐኪም «ንጹሕ ነው» ሊል ነው! በአሴቴት የሚሠራው ሌላው የፔት ምልክት እንዲህ ያለውን ይይዘዋል፤ ስኳሩን የሚወደው የከፋውና የሚቸኩለው ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሲጣመሩ የዕጢውን መኖር ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ይናገራሉ።

አጎቴ በቤተ ዘመድ መዋጮ ሕንድ አገር ሄደው ሲታከሙ፥ «ልጄ፥ የመጀመሪያው ፎቶ ምን ጎደለውና ነው ሌላ የሚያነሡኝ?» ብለው በስልክ ጠየቁኝ። ይህንኑ አስረዳኋቸው። «እንግዲያው ምስክር ነዋ የሚቆጥሩት!» አሉ። በወረዳ ፍርድ ቤት በዳኝነት የኖሩ ሰው ናቸውና ከመጽሐፌ ይልቅ የእርሳቸው አባባል ይበልጣል።

ምስክሮቹን ማስማማት ግን ቀላል አይደለም። ፔትና ሲቲ በአንድ መሣሪያ ተጣምረው በፒትስበርግ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሆኖም ጉበት ከትንፋሽ ጋር ወጣ ገባ ይላል፤ ሲቲው በሴኮንዶች ሲያነሣ ፔቱ ደቂቃዎች ይፈጃል። አንድ ሴንቲሜትር የምታህል ዕጢ በሁለቱ ሥዕል ላይ ሁለት ቦታ ብትውል ምን ይገርማል?

የአጎቴ ሲቲ በቀኙ በኩል አንድ ዕጢ ብቻ ስላሳየ የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆርጦ ነበር። ቀጥሎ ጤናማ የጉበት ሕዋስ የሚወስደው መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከ20 ደቂቃ በኋላ በኤምአርአይ ታዩ። ጉበቱ ሁሉ ሲፈካ በግራው በኩል አንዲት ትንሽ ጥቁር ነጥብ ቀረች፤ ሁለተኛ ዕጢ ነበረች። ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። በምትኩ መድኃኒቱ በዚያው በደም ቅዳው በኩል ገብቶ የሁለቱም ዕጢዎች የምግብ መንገድ ተዘጋ። ያ ፎቶ ባይነሣ ኖሮ አጎቴ የጉበታቸውን ቀኝ ጎን አጥተው ነቀርሳውን ይዘው ይመለሱ ነበር።