የናዝሬት ቁልፍ

ሞባይል ብርቅ በነበረበት ዘመን ናዝሬት ውስጥ ምስጢር የሚወራው በጩኸት ነበር። ስልክ ቤት ገብተን፣ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ሰጥተን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን። ኦፕሬተሯ «ድሬዳዋ፣ ካቢን ሦስት!» ስትል ባለጉዳዩ ዘሎ ይገባና በሩን ይዘጋል። መዝጋቱ ለወጉ ያህል ነው። መስመሩ ስለሚንሿሿ የሠርጉን ወጪ፣ የእህቱን እርግዝና፣ ያልተመለሰለትን ብድር ሁሉ ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኾ ይናገራል፤ እኛ ተራ ጠባቂዎቹም ጣሪያ ጣሪያ እያየን እንሰማለን። ሲወጣ ግን ሁላችንም ፊታችንን ወደ መንገዱ እናዞር ነበር። አልሰማንህም ማለታችን ነው። ውሸት ነው፤ ግን የጨዋ ውሸት ነው።

እኔ ያንን ጨዋነት የት እንደጣልኩት አውቃለሁ። በ1996 ፖስታ ቤቱ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የኮምፒውተር ጥገና» የሚል ታፔላ ሰቀልኩ። ጽሕፈቱና ፎቶ ኮፒው የቤት ኪራይ ይሸፍናል፤ እንጀራዬ ግን ፎርማት ማድረግ ነበር። ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ ሳይቀር ቫይረስ የበላውን ኮምፒውተር በፌስታልና በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያመጡልኛል። እኔ ደግሞ አንዲት የዊንዶውስ ኤክስፒ ሲዲ አለችኝ። ባለ 25 ፊደል ቁልፏ ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። በዚያች አንድ ቁልፍ ስንት ቤት እንደከፈትኩ እግዜር ይቁጠረው። የዊንዶውስ ዋጋ ስንት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም፤ የሚከራከሩኝ በእጄ ዋጋ ነበር።

ፎርማት ከማድረጌ በፊት የደንበኛውን ፋይል ሁሉ የራሴ ኮምፒውተር ላይ፣ ዲ ድራይቭ ውስጥ እገለብጣለሁ። እንዳይጠፋባቸው ብዬ ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን አላጠፋውም፤ ምናልባት ቢፈልጉትስ? በዚህ ዓይነት የሰው ሠርግ፣ የአስተማሪ የፈተና ጥያቄ፣ የፍቺ አቤቱታ፣ ወደ አረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ፓስፖርት፣ ሁሉም እኔ ጋ ተከማቸ። ኢሜይልም እከፍትላቸው ነበር። ፓስወርዱን የማወጣው እኔ ነኝ። ከተማዋ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዳማ የሚለውን ስሟን መልሳ ብትይዝም አፋችን ገና አልለመደውምና የሁሉም ሰው ፓስወርድ በላቲን ፊደል «ናዝሬት» ነበር። ቢረሱ አስታውሳቸዋለሁ። እየመረቁኝ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ኮምፒውተሯ የተቃጠለባት ሴት መጣች። ከሁለት ዓመት በፊት ፎርማት አድርጌላት ነበር። የሟች እናቷ ፎቶ ሁሉ ጠፍቷል። ዲ ድራይቭን ከፍቼ አንድ በአንድ አወጣሁላት። አለቀሰች፤ ጉልበቴን ልትስም ስትል ከለከልኳት። «ለምን አንተ ጋ ተቀመጠ?» ብላ ግን አልጠየቀችኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ሰው ደግነት ሲቀበል ደረሰኝ አይጠይቅማ።

በ1998 ከደቡብ አፍሪካዊው ባለሀብት ከማርክ ሻትልወርዝ ፕሮጀክት ሲዲ በነፃ እንደሚላክ ሰማሁና አድራሻዬን ሞላሁ። ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ሣጥን ቁጥሬ ከባሕር ማዶ ፖስታ መጣልኝ። ሳንቲም አልከፈልኩም። ኡቡንቱ ሊኑክስ ይላል፤ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎችን የሚመስል ክብ ምልክት አለው። ሲዲው ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ብቻውን ይነሣል። ስሪቱ ለማንም ክፍት ነው፤ ክራክ አይፈልግም፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁልፍም የለውም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተሰረቀ ሶፍትዌር ፊት ተቀመጥኩ።

ደስታዬ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ሞደሜን አላወቀውም፤ ኢንተርኔት የለም። ፕሪንተሩ ዝም አለ። ከሁሉ የከፋው ግን የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ዊንዶውስ ላይ እንጂ እዚያ ላይ አይሠራም። የግዕዝ ፊደል በ1992 በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ከገባ ዓመታት ቢያልፉም የእኛ ከተማ የሚጽፈው በፓወር ግዕዝ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ደንበኛውም ሌላ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ አንድ ባለጉዳይ አቤቱታውን ሊያስጽፍ መጣና አፍጥጦ አየኝ። ሲዲውን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ኤክስፒን መልሼ አስነሣሁ። ነፃነትን በአቤቱታ ዋጋ ሸጥኳት ብል ግነት ይሆንብኛል፤ የሸጥኳት በኪራይ ዋጋ ነው።

ታዲያ ዲ ድራይቬ ክፉ ቢሆንም ቢያንስ ፊት ነበረው። ሰዎቹ ፋይላቸው ማን ጋ እንዳለ ያውቃሉ፤ ታፔላዬን አይተው መጥተው ሊቆጡኝ ይችላሉ። ፊት የሌለው ዘመን በኋላ መጣ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በኅዳር 2010 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች፣ ያኔ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ይመራ የነበረው ጃዋር መሐመድ ጭምር፣ በስለላ ሶፍትዌር ታድነው እንደነበር ገለጠ። ሶፍትዌሩ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሥራ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው፤ በኢሜይል ሊንክ ይመጣል፣ ስትከፍተው ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን አድስ ይልሃል። «እሺ» ካልክ ሰላዩ ገባ።

ይህን ሳነብ የተሰማኝ ቁጣ ብቻ አልነበረም። ስንቱን ሰው «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ» ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ምን እያለ ነው?» ሲሉኝ «ዝም ብላችሁ እሺ በሉት» የምለው እኔ ነበርኩ። እሺ ማለትን ያህል የተዋጣለት ትምህርት በዚያች ክፍል አልሰጠሁም።

በቅርቡ አዳማ ገበያ ከመቂ ሽንኩርት የምታመጣ አንዲት ሴትዮ አየሁ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሒሳቧ ስልኳ ውስጥ ነው። ማንበብ ስለማትችል ስልኳን ለባለሱቁ ልጅ ሰጠችውና ከጆንያው ማዶ ሆና ሚስጥር ቁጥሯን ጮክ ብላ ነገረችው። ካቢን ሦስት ትዝ አለኝ። ፊታቸውን ያዞሩ እንደሆነ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አላዞረም፤ ሁሉም አቀርቅሮ የራሱን ስልክ ያያል። ሴትዮዋ ላይ ግን አልፈርድም። ብር በመቀነት ቋጥሮ፣ ቋጠሮውን በእጅ ይዞ ከአዳማ መቂ በሚኒባስ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አይፈርድባትም። ምቾት ስንል ቅንጦት የሚመስለን እኛ ነን፤ ለእሷ እንቅልፍ ነው።

በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የሰው መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይሰበሰብና ከተፈለገበት ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ይላል። ሳነበው ዲ ድራይቬን አስታወስኩና ብቻዬን ሳቅሁ። እድሜ ለጊዜ፣ ያ ሃርድ ዲስክ ከአዋጁ በፊት ሞቷል።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ የደኅንነት ጥገና ሲያቆም የእኔ አሮጌ ላፕቶፕም መንገድ ላይ ቀረች። ዊንዶውስ 11 እሷ የሌላትን የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ቢጫንም በማይክሮሶፍት አካውንት ግባ ይላል። በ2016 ደግሞ ኩባንያው በየጥቂት ሰከንዱ የስክሪንን ፎቶ እያነሣ የሚያስቀምጥ «ሪኮል» የሚባል ነገር አስተዋውቆ፣ ሰው ሲጮህበት አዘገየው፤ የፈለገ ብቻ እንዲያበራውም አደረገ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የረሳችሁትን እንዳስታውሳችሁ! ይህን ቃል ከእኔ አፍ የወሰዱት መሰለኝ።

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አትጣላት፤ ሊኑክስ ልጫንልህ» አለኝ። መሳቢያዬን ከፍቼ የ1998ቱን ሲዲ አሳየሁት። እንደ ቅርስ አገላብጦ አየውና «ይሄን ማጫወቻ እንኳ የለም» ብሎ በፍላሽ ጫነልኝ። ዋይፋዩ ወዲያው ሠራ፤ አማርኛው ራሱ ይጻፋል። የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፋይሎቼ ግን ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ትብትብ ሆነው ወጡ። የሃያ ዓመት ጽሑፌ ለራሴም ተቆልፎብኛል።

«አንተስ?» አልኩት፤ «ላፕቶፕህን እንዲህ ጠርቅመህ ቆልፈህ ስልክህ ላይ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ የጎግል ካርታ አለ።»

«የክፍላችን ግሩፕ ቴሌግራም ላይ ነው፤ ከሱ ወጥቼ ፈተና የት እንደሆነ ማንን ልጠይቅ?» አለ ሳያፍር። «ካርታውን ስፈልገው አበራለሁ፤ ስጨርስ አጠፋለሁ። ቲክቶኩ ግን ድክመቴ ነው።»

እኔ በሱ ዕድሜ ድክመቴን እንደዚህ ለይቼ አላውቅም ነበር፤ የሰው ሁሉ ድክመት ግን ዲ ድራይቬ ላይ ነበር።

መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ፓስወርድ ጠየቀ። ልጁ ከወንበሩ ተነሥቶ «ራስህ ጻፍ» አለኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በዚያች ክፍል በኖርኩባቸው ዓመታት ለአንድም ደንበኛ ያላደረግሁትን አደረገልኝ። ጣቶቼን ወደ ፊደሎቹ ስወስድ፣ ልጁ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ መንገዱን እያየ፣

«ጋሼ» አለኝ፣ «ናዝሬትን አትጻፍ።»