ጋሪው ለልጁ ነው ወይስ ለእናቱ?

«የልጅ ጋሪ ደግሞ ምን ወግ ሆኖ ይጻፍበታል?» የምትሉ አንባቢያን እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። በእኛ አገር የልጅ ጋሪ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፊልም ላይ ያየነው ፈረንጅ፣ ወይም ከውጭ መጥታ ሁለት ሳምንት ሰንብታ የምትመለስ ዘመድ ናት። እኔ ግን የማወራው ስለ ቅንጦት አይደለም። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ አንድ ልጅ በእጇ ሌላ ልጅ በሆዷ የያዘች ሴት ዳቦ ለመግዛት እንዴት አድርጋ ትውጣ? ጥያቄዬ ይሄ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ሐኪሙ «ከልጅሽ የከበደ ነገር እንዳታነሺ» ብሎ ሸኘኝ። አራስነቱ እንደ ወጉ አለፈ፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ጠያቂው ሞልቶ ነበር። ሴት ናትና በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች፣ ድግሱ አበቃ፣ ሰውም ወደየቤቱ ሄደ። እስሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቶ ማታ ይገባል። ልጅቷ ዓመት ሲሞላት 9 ኪሎ ሆነች። እሷን አቅፎ፣ የዳይፐር ቦርሳ አንግቶ 72 ደረጃ መውረድና መልሶ መውጣት... ወገቤ እምቢ አለ። ከእሁድ እስከ እሁድ ደጅ ሳልረግጥ የምሰነብትበት ጊዜ ነበር። በመስኮት የታክሲውን ግርግር እያየሁ ያለ ምክንያት እንባዬ የሚመጣበት ቀንም ነበር። ለሰው ብናገር «ምን ጎደለሽ? ልጅሽ ጤነኛ፣ ባልሽ ቤቱን የሚወድ!» ነው የሚሉኝ። ስለዚህ ዝም።

አሁን ልጅቷ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ትሄዳለች፤ ግን ሁለት መቶ ሜትር ሳትሞላ «እቀፊኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። «በቃ፣ ጋሪ ይገዛ» አልኩና የቤተሰብ ጉባዔ ተጠራ።

አማቴ ገና ቃሉን ሲሰሙ ሳቁ። «እኔ ዘጠኝ ልጅ በአንቀልባ አሳድጌያለሁ፤ አንዱም ጎማ አላማረውም! ልጅ እንደ ሲሚንቶ በጋሪ ይገፋል እንዴ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አሉ። ባለቤቴ ደግሞ በተቃራኒው ትልቁን ነው የተመኘው። አሜሪካ ያለችው እህቱ ልጆቿ ያደጉበትን ባለ ሁለት መቀመጫ ጋሪ ልላክላችሁ ብላለች። «ሁለት ልጅ፣ ሁለት መቀመጫ፣ ያውም በነፃ! ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?» ይላል። ክብደቱን ብንጠይቃት 14 ኪሎ ሆኖ ተገኘ።

እኔ ክርክር አልወድም። «እንሞክረዋ» አልኩ። 14 ኪሎ ጤፍ በማዳበሪያ ተመዝኖ መጣ። «በአንድ እጅህ ይህን፣ በሌላው ልጅህን ይዘህ ውረድና ተመለስ» አልኩት። ወረደ። ሲመለስ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጤፉን አስቀምጦ ቁና ቁና ሲተነፍስ ጎረቤት አገኘው። አማቴ «ይኸው፣ ሳንበደር በመጣ ጤፍ ልጄ ሊሞትብኝ ነው!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። የትልቁ ጋሪ ነገር በዚያው አበቃ።

ሳቁ በረድ ሲል «እማማ፣ ዘጠኙን ሲያሳድጉ ስንት ደረጃ ይወጡ ነበር?» አልኳቸው።

«የምን ደረጃ? በሩን ስትከፍቺው መሬት ነው።»

«ልጁንስ ሁልጊዜ የሚያዝሉት እርስዎ ነበሩ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! እህቴ አለች፣ ትልልቆቹ ልጆች አሉ፣ ጎረቤት አለ... ከጀርባ ጀርባ ሲዞር ይውላል» አሉና ዝም አሉ።

እኔም ዝም አልኩ። ነገሩ ለሁለታችንም ባንድ ጊዜ የገባን ይመስለኛል። ዘጠኝ ልጅ ያሳደገው አንቀልባው ብቻውን አይደለም፤ ብዙ ጀርባ ነው። ያን ሁሉ ጀርባ ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ ከየት ላምጣ?

ታዲያ የትኛው ይገዛ? ስጠይቅ፣ ሳነብ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አገኘሁ። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ቀላል ጋሪ በ1965 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ኦወን ማክላረን የተባለ እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው። ስፒትፋየር የተባለው የታወቀ ተዋጊ አውሮፕላን የሚያርፍበትን እግር በመሥራት ተካፍሏል። ልጁ የልጅ ልጁን ይዛ ስትመጣ ከባድ ጋሪ ሲያስቸግራት አየና ከአሉሚኒየም 3 ኪሎ የማይሞላ ጋሪ ሠራ። ጋሪን ያቀለለው አያት ነው ማለት ነው! ይህን ስነግራቸው አማቴ «አባቴ ይባረክ» አሉት።

ግን ቀላል ስለሆነ ብቻ አይገዛም። እኔ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ አራስ ልጅ አንገቱ ያልጠና ስለሆነ ቁጭ የሚያደርግ ጋሪ አይስማማውም። ራሱን ችሎ እስኪቀመጥ፣ ማለትም እስከ 6 ወር ገደማ፣ መደገፊያው ወደ ኋላ ተለጥጦ በጀርባው የሚያስተኛ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ጎማውን እዩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ ለምሳሌ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ማናቸውም ጎማ ይንሸራተታል። የሰፈራችን ኮብልስቶን ግን ትንንሹን የፕላስቲክ ጎማ በየስንጥቁ ይይዘዋል። ጎማው ተለቅ ያለ፣ የፊቱም እንዳይዞር የሚቆለፍ ቢሆን ይመረጣል። ባለ ንፋሱ ይመቻል፤ ግን ጎሚስታ ቤት ያመላልሳል።

ሦስተኛ፣ ትከሻን፣ ወገብንና እግር መሀልን ይዞ በአምስት ቦታ የሚያስር ቀበቶ ይኑረው። ፍሬኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ ረግጣችሁ ሞክሩት። ቁልቁለት ለበዛበት ከተማችን ይህ ቀልድ አይደለም።

አራተኛ፣ ከውጭ የሚላክላችሁ ያገለገለ ከሆነ ዕድሜውን ጠይቁ። ይኸው የማክላረን ኩባንያ በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጋሪዎች ማጠፊያቸው እንዲሸፈን ባለቤቶቹን ጠርቶ ነበር። ጋሪው ሲዘረጋ ማጠፊያው የልጆችን የጣት ጫፍ መቁረጡ 12 ጊዜ ሪፖርት ተደርጓል። የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው አስገዳጅ የጋሪ ደህንነት ደረጃም የሚመለከተው ከመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩትን ነው። የተሠራበት ቀን ብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ላኪዋ አንብባ ትንገራችሁ። የማንም ይሁን የማን፣ ስታጥፉና ስትዘረጉ ልጁን ራቅ አድርጉት።

አምስተኛ፣ እጀታው ላይ ዘንቢል አታንጠልጥሉ፤ ልጁ ሲነሳ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ለፀሐይ ብላችሁም በብርድ ልብስ ጥርቅም አድርጋችሁ አትሸፍኑት፤ ውስጡ ይታፈናል፣ ይግላል።

እኛ ዕቁቤ ሲደርሰኝ የገዛነው ባለ አንድ መቀመጫ፣ 7 ኪሎ የሚመዝን፣ መደገፊያው እስከ ታች የሚለጠጥ ነው። ታጥፎ ሚኒባስ ውስጥ እግሬ ሥር ስለሚገባ ረዳቱ የአንድ ሰው ሂሳብ አይጠይቀኝም። «ሁለት ልጅ በአንድ ወንበር እንዴት ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። ትልቋ በጋሪ፣ ትንሹ በሰውነቴ ላይ! አንገቱ እስኪጠና ፊቱ እየታየኝ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ሳይለጠፍ፣ በፊት በሚታሰር ማቀፊያ እይዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አማቴ ከሳጥናቸው አውጥተው ያመጡልኝ፣ ባለቤቴ ራሱ የታዘለበት፣ ዛጎል የተሰፋበት አንቀልባ ተራውን ይጠብቃል። አንቀልባና ጋሪ ጠላት አይደሉም፤ እኛው ነን ያጣላናቸው።

ጋሪው ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። በሳምንት አራት ቀን እወጣለሁ። ደረጃውን ልጅቷ እጄን ይዛ ትወርዳለች፤ ጋሪውን የግቢው ጥበቃ ወይም የጎረቤት ልጅ ያወርድልኛል። «ላግዝሽ?» የሚል ሰው እንዲህ እንደሚበዛ ቤት ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ለካ ጀርባው ሁሉ ከዓለም አልጠፋም፤ ደጅ ነው ያለው።

ስለዚህ ባሎች ሆይ፣ ጋሪ ልትገዙ ስትሄዱ ቀለሙን ከመምረጣችሁ በፊት የቤታችሁን ደረጃ ቁጠሩ፣ በሩን ለኩ፣ ክብደቱንም በጤፍ ሞክሩት። ደግሞም እሷን ጠይቋት፤ «ልጁን የት ልታደርሺው?» ብላችሁ ሳይሆን «አንቺ የት መሄድ ናፈቀሽ?» ብላችሁ።