ራዕይና ተልዕኮ የሌለው ድረ ገጽ

እኔ ሦስት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ድረ ገጽ ስሠራ ሰነበትኩ። ኮምፒውተር ሳይንስ መቼ ተማርሽ እንዳትሉኝ፤ አልተማርኩም። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ከነጭራሹ ጠፍቶብኝ ነበር። እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የመጣው በአክስቴ ነው። አክስቴ ላፍቶ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ አሥራ አራት ዓመት ባልትና ሸጣለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ። ዓምና መንገዱ ሲሰፋ ሱቋ ያለበት ቤት ፈረሰ። እሷም ጀሞ 2 ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ሌላ ሱቅ ተከራየች። ከላፍቶ ጀሞ ሩቅ አይደለም። ግን ደንበኛ አክስቴን የሚያውቃት «ቢጫ በር ያላት ሱቅ» ብሎ ነው። ቢጫው በር ሲጠፋ አክስቴም ጠፋች። ስልኳ የተጻፈበት ታፔላ ከቤቱ ጋር አብሮ ሄደ። የድሮው ቦታ አጥር ላይ «ጀሞ ገብተናል» የሚል ወረቀት ለጥፈን ነበር፤ ሁለት ቀን አልቆየም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ኪራይ የከፈለችው ከዕቁቧ ነው። በሦስተኛው ወር፣ «አንቺ ኮምፒውተር ትችያለሽ አይደል?» አለችኝ። እኔ የምችለው መተየብ ነው። ለአክስት ግን አልችልም አይባልም።

ከኢንተርኔት ላይ ነፃ ቴምፕሌት አወረድኩ። አናቱ ላይ ትልልቅ ፎቶ እየተንሸራተተ የሚያልፍበት፣ ከሥሩ «ስለ እኛ» ምናምን የሚል። የአገራችንን ድረ ገጾች ከፍታችሁ ካያችሁ ታውቁታላችሁ፦ ራዕያችን፣ ተልዕኳችን፣ እሴቶቻችን… መሥሪያ ቤቱ የት ሰፈር እንደሆነ ግን ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። እኔም ወጉ አይቅርብኝ ብዬ «ራዕያችን በባልትና ዘርፍ ተመራጭና ተወዳዳሪ ሆኖ መገኘት» ብዬ ጻፍኩና ሱቅ ሄጄ አነበብኩላት። እጇ ሽሮ ውስጥ እንደተነከረ አዳመጠችኝ።

«ልጄ፣ እኔ ሽሮ ነው የምሸጠው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ጀሞ መግባቴንስ የቱ ጋ ነው የጻፍሽው?»

አልጻፍኩትም! አራት ገጽ ሙሉ ራዕይ ስፈጭ ሱቋ ያለችበትን ቦታ አልጻፍኩም። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ መጀመሪያ የሚነገረው ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ነው። ዋናው ነገር ከላይ፣ ማጣፈጫው ከታች። ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማርኩት?

ቴምፕሌቱን ሰረዝኩትና አንድ ባዶ የጽሑፍ ፋይል ከፈትኩ። ለካ ድረ ገጽ ማለት ይኸው ነው፤ ኖትፓድ ላይ ይጻፋል። ኤችቲኤምኤል የሚሉት ነገር ለጽሑፍ ምልክት መስጠት ነው፦ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ፎቶ ነው፣ ይህ ቁጥር ሲነካ ስልክ ይደውላል። ቲም በርነርስ ሊ ሰርን ውስጥ የሠራው የዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽ ቅጂ ዛሬም ይከፈታል። እዩት፤ ጽሑፍና ማያያዣ እንጂ ሌላ ምንም የለውም። እኔም አንድ ገጽ ብቻ አደረግኩት። አናቱ ላይ በትልቁ «የላፍቶዋ ባለ ቢጫ በር ባልትና አሁን ጀሞ 2 ናት»። ከሥሩ ስልክ። ከሥሩ ከታክሲ ወርዶ በየት በኩል እንደሚኬድ፣ እኛ አቅጣጫ በምንነግርበት ቋንቋ፣ ፋርማሲውንና ወፍጮ ቤቱን እየጠራሁ። ከዚያ የሚሸጠው ነገር።

አሁን ደግሞ ቀላል መሰሏችሁ። አክስቴ ከዓመታት በፊት ጽሕፈት ቤት ያስተየበችው የዕቃ ዝርዝር ፍላሽ ላይ ነበር። ኮፒ አድርጌ ገጹ ላይ ስለጥፈው በርበሬው የጠንቋይ ክታብ መሰለ፤ የላቲን ፊደል፣ ነጥብ፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት። ምክንያቱ ወዲህ ነው። ድሮ የነበሩት የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። ያኛው ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደልን መዝግቦ ለእያንዳንዷ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር ከሰጠ በኋላ ነው «በ» በሁሉም ማሽን ላይ «በ» የሆነችው። ጽሕፈት ቤቶቻችን ግን በለመዱት ብዙ ዓመት ቀጠሉ። ስለዚህ ዝርዝሩን እንደገና ተየብኩት። ገጹ አናት ላይም ፊደሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የምትናገር አንዲት መስመር አስገባሁ። እሷን ከረሳችኋት ዩኒኮድም ብትጽፉ ክታቡ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ፎቶም አለ። በስልኬ ያነሳሁት አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ስምንት ሲሆን 32። የሰው ጥቅል በልቼ ሚጥሚጣ ላሳየው? ፎቶዎቹን አሳነስኳቸውና ስምንቱም ተደምረው ከ1 ሜጋባይት በታች ሆኑ። በርበሬው እንደሆነ በትንሽ ፎቶም ቀይ ነው።

ያሳቀኝ ግን የሰዓቱ ነገር ነው። ካርታ ላይ ሱቋን ስመዘግብ የሚከፈትበትን ሰዓት ሲጠይቀኝ እንደለመድኩት 2፡30 ብዬ ሞላሁ። ካርታው ፈረንጅ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። አክስቴ ከሌሊቱ 8፡30 ሱቅ የምትከፍት ብቸኛዋ ባለ ባልትና ሆነች! አሜሪካ ያለችው ልጇ ናት አይታ፣ «እማዬ መቼ ነው የምትተኛው?» ብላ የደወለችው። አሁን ካርታው ላይ በእነሱ አቆጣጠር፣ ገጹ ላይ «ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 1፡00» ተብሎ ተጽፏል። «ጠዋት» እና «ምሽት» የሚሉትን ቃላት እንዳትተዉ።

ማስቀመጫውን ነፃ አገኘሁ። ስሙን ግን መግዛት ነበረብኝ፤ ዶት ኮም በዶላር ካርድ ነው የሚገዛው፣ እኔ ደግሞ ዶላር ካርድ የለኝም። በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች መኖራቸውን ያወቅኩት ሁለት ቀን ከተበሳጨሁ በኋላ ነው። «ባልትና»ን በላቲን እንዴት ትጽፉታላችሁ? አንዱ መሃሉን በ«አይ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ኢ»። ቃሉን ትቼ ሰው ሲነገረው የማይሳሳተውን አጭሩን መረጥኩ።

ቴሌግራም ቻናል አይበቃም ወይ ያሉኝ ጓደኞች አሉ። ቻናልም ከፍተንላታል። ግን ቻናል ላይ ዛሬ የለጠፍኩት አድራሻ በሳምንቱ ሃያ ፎቶ ሥር ይቀበራል። ገጹ ላይ ግን አድራሻው ሁልጊዜ አናት ላይ ነው፤ ነገ ከጀሞም ብትነሳ አንዲት መስመር ነው የምቀይረው። ክፍያ አልገጠምኩም። ሰው ደውሎ በቴሌብር ይልካል፤ ከዚህ በላይ ማወሳሰብ ለምን?

አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም፤ ዋጋ። እኔ ይጻፍ አልኩ። እሷ፣ «በርበሬ ሰኞና ዓርብ ዋጋው አንድ መሰለሽ? ደግሞስ ጎረቤት ያለው ባለሱቅ ከፍቶ አያየውም?» አለች። ከዋጋው አጠገብ የተጻፈበትን ቀን እናስቀምጥ፣ በየሳምንቱ እኔው እቀይራለሁ ብል አልሰማ አለችኝ። ተሸነፍኩ። አሁንም ግን የተሳሳተችው እሷ ናት እላለሁ። እኔ ራሴ ዋጋ ያልጻፈ ሱቅ አልደውልም።

ገጹ ካለቀ በኋላ ሦስት ቀን ጠበቅን። ማንም አልደወለም። ጉግል ላይ ብንፈልገውም አልመጣም። ሰው ገጽ ሠርቶ ሲያበቃ ዓለም በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። መፍትሔው የተገኘው አክስቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለበዓል በርበሬ ያዘዙ ሰዎች ስም ከነስልካቸው የተጻፈበት ዘይት የነካው ደብተር። ሱቋ ቁጭ ብለን እሷ ቁጥሩን እያነበበች እኔ አጭር መልእክት ላክሁ፤ «ጀሞ ገብተናል» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገርና የገጹ አድራሻ። ግማሹ ቁጥር አይሠራም። አንዳንዱ ጋ ስትደርስ «እሳቸው እንኳ ሞተዋል» እያለች ትዘላለች።

ሰፈራችን ንፋስ ስልክ የተባለው ድሮ ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ በነበረው ጣቢያ ነው። ያን ቀን ከዚያችው ሱቅ መልእክት ስንነፋ ዋልን።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ስልኳ ጮኸ። የላፍቶ ደንበኛ ናቸው፤ ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል። «ምነው እንደዚህ ጥፍት ይባላል? እኔ እኮ አገር ለቀሽ ሄደሽ መስሎኝ ነበር!» አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እሳቸው ቀጠሉ፣ «ሽሮው ስንት ገባ? እዚህ ላይ አልጻፋችሁትም።»

እኔ ምንም አልተናገርኩም። ዝም ብዬ አየኋት ብቻ።