ከጉና ራስ እስከ ጣና ዳር፤ ስለ ጎርፍና ስለ እንግዳ ርዳታ

ደብረ ታቦር የደጋ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች፥ በክረምት ወራት ጉሙ እስከ ረፋድ ድረስ ከደጃፍ አይርቅም፤ ብርዱም መንገደኛውን በጊዜ ወደ እሳት ዳር ያስገባዋል። በስተ ምሥራቋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል። ከዚህ ተራራና ከዙሪያው ከፍታ የሚነሡት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ወደ ምዕራብ ይወርዱና የፎገራን ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። እንግዲህ በጉና ላይ የዘነበው ዝናም የት ደርሶ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የወደደ ሰው ወንዙን ተከትሎ መውረድ ይገባዋል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ አንባቢዎቻችንን ይዘን የምንወርደው በዚሁ መንገድ ነው።

ከመውረዳችን በፊት ግን ከከተማው አጠገብ ያለችውን ጋፋትን ሳይመለከቱ ማለፍ ነውር ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ፥ በስዊስ አገር በባዝል አቅራቢያ ካለው ከክሪሾና ትምህርት ቤት ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ያሰፈሩት በዚህች ስፍራ ነው። እነርሱ መጽሐፍ ይዘው መጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ አሠሯቸው። 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. እዚህ ፈስሶ፥ በማግስቱ ዓመት በሰው ጉልበት እየተጐተተ ወደ መቅደላ ሄደ። ይህ ለብዙ ሰው የታወቀ ታሪክ ነው። ያልታወቀው ከነዚያ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች የአንዱ የዋልድማየር ፍጻሜ ነው። ይህ ሰው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት አቆመ፤ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ በቤይሩት አጠገብ አስፉርየህ በተባለ ስፍራ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲመሠረት ያደረገ እርሱ ነው። በጋፋት መድፍ ያፈሰሰው እጅ በሊባኖስ የታመመውን ደገፈ። እንግዳ ሰው የመጣበት ነገርና የሠራው ነገር ሁለት መሆኑን ይህ አገር ከጥንት ያውቀዋል፤ ይህንም ያነሣነው ወደ ፊት ስለ ሌሎች እንግዶች የምንናገረው ስላለን ነው።

ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር መንገድ ምድሩ 900 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል፥ ጋቢውን ለብሶ የተነሣ መንገደኛ ወረታ ሲደርስ በክንዱ ይዞት ይታያል። በስተ ላይ የገብስና የድንች እርሻ ነበረ፤ ከታች ግን ዓይን እስከሚደክም ድረስ ለጥ ያለ ጥቁር መሬት ነው። ፎገራ ድሮ ስሟ የተጠራው በላሞቿ ወተት ነው። ሩዝ ግን እንግዳ ሆኖ የመጣ እህል ነው፤ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በዚህ ሜዳ ዘርተው ካሳዩ በኋላ ባላገሩ ተቀበለው። ዛሬ የፎገራ ባልትና ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅላ እንጀራ ትጋግረዋለች። ኮሪያውያኑ ሄዱ፥ ዘሩ ቀረ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ መከራ ነበረ፤ ለሩዝ ግን ደስታው ሆነ።

ይሁን እንጂ ያው ውሃ ልክ ሲያልፍ ጠላት ነው። በሐምሌና በነሐሴ በጉና ላይ የሚወርደው ዝናም ከተራቆተው እርሻ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዙ ያገባዋል። ርብ በገደል መካከል ሳለ አፈሩን ተሸክሞ ይሮጣል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ስለሚደክም ሸክሙን በገዛ አልጋው ላይ ያራግፈዋል። ከዓመት ወደ ዓመት የወንዙ ወለል ከፍ እያለ ሲሄድ፥ ውሃው ከዳርቻው ወጥቶ መንደር ይገባል። ጣናም ራሱ በመስከረም ሞልቶ ስለሚቆይ ወንዙን ቶሎ አይቀበለውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ የፎገራን፥ የሊቦ ከምከምንና የደራን ሕዝብ ከቤቱ ያፈናቀለው በዚህ ሁኔታ ነው። ከዚያ ወዲህ በርብ ላይ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ ተሠርቷል፤ ግድቡ በመጀመሪያ የታሰበው ለመስኖ ቢሆንም የጎርፉንም ኃይል ይሰብራል። ጉማራ ግን ከዚህ ግድብ ውጭ ነው።

ጎርፍ ለቤተ ሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ በደጋ ለሚኖር ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። የደጋ ሰው ውሃ ሲመጣ ከፍ ወዳለው ይወጣል፤ በፎገራ ግን ከፍ ያለ ስፍራ የሚባለው ቆጥ ነው። የጎታው እህል ከረጠበ ይበቅላል ወይም ይሻግታል፤ የጉድጓዱ ውሃ ከሽንት ቤቱ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ እናት የምታፈላበት ደረቅ እንጨት አታገኝም፤ ሕፃኑም በተቅማጥ ይያዛል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በየጉድጓዱ የቀረው ኩሬ የቢንቢ መፈልፈያ ይሆናል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ አዝመራው ዓይን የሚያስደስትበት፥ ወባው ደግሞ ቤት ለቤት የሚዞርበት ነው። ጎርፉን የተረፈ ሰው በንዳድ ይወድቃል።

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የሆነው ነገር ከዚህ የባሰ ነበረ። ሰው ትኩሳት ይዞት ለሳምንታት ይቆያል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሥጋው እየመነመነ ይሄዳል። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ቢሰጠውም አልሻል አለ። በኋላ በምርመራ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ይህ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ በመተማና በሑመራ ቆላ እንጂ በዚህ ወገን የታወቀ አልነበረም፤ ሰሊጥ ሊያጭዱ ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት እንደ መጡ ይገመታል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር ከአገሩ የጤና ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአዲስ ዘመን ከተማ (ጋዜጣውን ሳይሆን የሊቦ ከምከምን ከተማ ማለታችን ነው) ሕክምና አቆመ። እስከ 1999 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ 2,450 ሕሙማን ተመዝግበው 120 ሞተዋል። መድኃኒቱ በጊዜ ካልተሰጠ ከዚህ በሽታ የሚተርፍ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ቁጥሩ የሚያሳየው የሞቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የዳኑትንም ብዛት ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ የአገሩ ሐኪሞች ሥራውን ቀጠሉበት። በተደረገውም ጥናት በግራር ጥላ ሥር መዋልና ውጭ ማደር ለበሽታው እንደሚያጋልጥ ስለ ታወቀ፥ ልጆችን ከብት ጥበቃ የሚልኩ ወላጆች ይህን ልብ ማለት ይገባቸዋል።

ከወረታ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ሜዳው ቀስ ብሎ ወደ ደንገል ይለወጥና ጣና ይታያል። በዚህ ዳርቻ ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ዛሬም ትቀዘፋለች። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ በየጊዜው ለፀሐይ ይሰጧታል፥ ሲብስም ጥለዋት ሌላ ይሠራሉ። ይህ ደንገል ተራ ሣር እንዳይመስል፥ ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው በ1962 ዓ.ም. አትላንቲክን ከሞሮኮ እስከ ባርባዶስ የተሻገረበት ሁለተኛው ራ የተባለው ጀልባ ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል የተሠራ ነበረ። በፔሩ አገር ደግሞ ዓሣ አጥማጆች በሣር ታንኳ የውቅያኖስን ማዕበል እየጋለቡ ወደ ዳር ይመለሳሉ።

በማዕበል ላይ መጋለብ ዛሬ በዓለም ሁሉ የወጣቶች ጨዋታ ሆኗል። ሰርፊንግ ይሉታል። ሰውዬው በቀላል ሳንቃ ላይ ቆሞ፥ ማዕበሉ እንደ ፈረስ ጀርባ ሲነሣ አብሮት ይነሣል። የጣና ማዕበል ለዚህ አይበቃም። ነገር ግን የነዚህ የማዕበል ጋላቢዎች ሥራ ለፎገራ ትምህርት ስላለው እንተርካለን።

በህንድ ውቅያኖስ ከሱማትራ በስተ ምዕራብ ሜንታዋይ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ግዛታቸው ኢንዶኔዥያ ነው። ማዕበላቸው ለጨዋታው ከዓለም የተመረጠ ስለ ሆነ ባለጠጎች መርከብ እየተከራዩ ይሄዱባቸዋል። ጄንኪንስ የተባለ የኒው ዚላንድ ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ለዚሁ ደስታ ሄዶ ሳለ፥ ከባሕሩ ወጥቶ መንደር ቢገባ እናቶችና ሕፃናት በወባና ሊከላከሉት በሚቻል በሽታ ሲሞቱ አገኘ። መርከቡ ምግብና ምቾት ሞልቶበት ከመንደሩ ፊት ለፊት ቆሟል። ብዙ ጋላቢ ከርሱ በፊት እዚያው ባሕር ላይ ተጫውቶ ተመልሷል፤ እርሱ ግን ያየውን ይዞ ተመለሰና በማግስቱ ዓመት ሰርፍኤይድ የተባለውን የበጎ አድራጎት ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር አቋቋመ። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ማደል፥ ስለ ሕፃናት አመጋገብ እናቶችን ማስተማር፥ ንጹሕ ውሃና ሽንት ቤት እንዲሠራ መርዳት ሥራቸው ሆነ።

ቀጥሎ ታላቁ መቅሠፍት መጣ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. የምድር መናወጥ ያስነሣው ሱናሚ በውቅያኖሱ ዙሪያ ሁሉ ሕዝብ ጨረሰ፤ መጋቢት 19 ቀንም ኒያስ የተባለችው ደሴት በሌላ መናወጥ ፈረሰች። በዚህ ጊዜ የጋላቢዎቹ የመዝናኛ መርከቦች እህልና መድኃኒት ጭነው ወደቡ ወደ ፈረሰበት ዳርቻ ሄዱ። ያን የባሕር ዳር በጨዋታ ጊዜ በደንብ ስላጠኑት፥ መርከብ የሚቀርብበትንና የማይቀርብበትን ያውቁት ነበረ። ከዚያም ወዲህ መንደርተኛው ራሱ የአደጋውን ስፍራ በካርታ እንዲያሳይ፥ መሸሻ መንገዱን እንዲመርጥና እንዲለማመድ ማድረግን ከሥራቸው ጨመሩ።

በዚህ ነገር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን እንግዶቹ ያላስተማሩት ነው። በዚያው ወገን ሲሜሉዌ የምትባል ደሴት አለች። በ1899 ዓ.ም. ሱናሚ መጥቶ ብዙ ሰው ስለ ገደለባት፥ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው በተረትና በእሹሩሩ «ምድር ከተንቀጠቀጠች፥ ባሕሩም ከሸሸ፥ ወደ ኮረብታ ሩጡ» የሚለውን ትምህርት ሲያወርሱ ኖሩ፤ ማዕበሉንም ስሞንግ ብለው ይጠሩታል። በ1997ቱ መቅሠፍት 70,000 በላይ ከሚሆነው ከደሴቲቱ ሕዝብ የሞቱት 7 ብቻ ናቸው ይባላል። በሜንታዋይ ግን ጥቅምት 15 ቀን 2003 ዓ.ም. የተነሣው መናወጥ ለሰው የተሰማው ለስላሳ ሆኖ ስለ ነበረ፥ ብዙው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ሱናሚው ደረሰበትና ከ400 ሰው በላይ አለቀ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ትምህርት መናወጡ ቢቀልም ከረዘመ ሳይጠብቁ መሸሽ ነው።

ከዚያ ወደ ጣናችን እንመለስ። በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ፥ ይልቁንም ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ወጣቶች ከጐንደር፥ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ድረስ እየመጡ እስከ ወገባቸው በውሃ ቆመው በእጃቸው ነቅለዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ የሚቆይ ስለ ሆነ፥ አንድ ቀን ነቅሎና ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ አረሙን አያጠፋውም። በሐይቁ ዳርም ብልሃርዚያ ስላለ፥ ነቃዩ በሽታ ይዞ እንዳይመለስ አስቀድሞ ሊመከር ይገባዋል። የቀረው ሥራ ሁልጊዜ በዚያው ዳርቻ ባለው ገበሬ ላይ ይወድቃል።

ደጋውም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ለዓሣና ለሩዝ ወደ ወረታ የማይወርድ የደብረ ታቦር ቤት ጥቂት ነው፤ የፎገራ ጎርፍ ግን በላይኛው ሰፈር የቆላ ሰው ጣጣ ተደርጎ ይወራል። ውሃው የማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፥ የጉና ነው። ከፋርጣ እርሻ የሄደው ቀይ አፈር በርብ አልጋ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ስለዚህ በተዳፋቱ ላይ እርከን መሥራትና የጉናን ራስ ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ መጠበቅ ለፎገራ እንደሚደረግ ርዳታ ሊቈጠር አይገባም፤ የጎረቤት ዕዳ መክፈል ነው።

ሁለተኛውም ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ዝናሙ በጉና ላይ ሲያጓራ የፎገራ ሰማይ ብሩህ ሆኖ ሊውል ይችላል፤ በዚያ ቀን ሜዳ ላይ ያለው ሰው ስለሚመጣበት ነገር ምንም ምልክት አያይም። የሚያየው የላይኛው ሰው ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆነው ቤት ለቤት ሲዞሩ ኖረዋል፤ የማን ቤት ነፍሰ ጡር፥ የማን ቤት ሽማግሌ እንዳለ ከነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የላይኛው ቀበሌ ለታችኛው ቀበሌ በስልክ ቢናገር፥ እነዚህ ሴቶችና የእድሩ ዳኛ ደግሞ ወሬውን በየደጁ ቢያደርሱት፥ ማን ማንን እንደሚረዳ አስቀድሞ በሰኔ ተነጋግረው ቢወስኑ፥ ሜንታዋይ ላይ በመርከብ የተደከመለት ሥራ እዚህ በጥቂት ሳንቲም ይፈጸማል። የስልኩ ቃል ወረታ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅም፤ ርብ ግን ሰዓታት ይፈልጋል። በነዚያ ሰዓታት ውስጥ እህሉ ቆጥ ላይ ይወጣል፥ ጥጃው ይፈታል፥ ሽማግሌው በቃሬዛ ይነሣል፥ ሕፃኑ ይታዘላል፥ አጎበሩም ተጠቅልሎ ከራስ በላይ ይያዛል።