ከአሶሳ እስከ ቁርጡባ፦ የሁለት ቀን ጉዞ በኪራይ መኪና



አባቴ (አላህ ይዘንለት) አሶሳ ውስጥ ልጆችን ቁርኣን ያስቀራ ነበር። ማታ ማታ ስለ አንደሉስ ሲያወራልን ቁርጡባ የምትባለው ከተማ የተወለደባት ሰፈር ትመስል ነበር። ወሬው ሁሌ የሚያልቀው «ወሰዱብን» በሚል አንድ ቃል ነው። እኔም ቁጭቱን ወርሼ አደግኩ። ባለፈው ሚያዝያ ከምኖርበት ጀርመን ተነስቼ ማላጋ አየር ማረፊያ ወረድኩና ትንሽ ባለማርሽ መኪና ለሁለት ቀን ተከራየሁ።

መሄድ ለምታስቡ፦ ቁልፉን ሳትቀበሉ የመኪናውን ጭረት ሁሉ በስልካችሁ ቅረጹ። ለማስያዣ ካርዳችሁ ላይ ገንዘብ ይዘው ያቆዩባችኋል። አሮጌው ከተማ ውስጥ ደግሞ በመኪና አትግቡ፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ለነዋሪ ብቻ የተፈቀደውንም ክፍል ካሜራ ይጠብቀዋል፣ ቅጣቱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። እኔ ከወንዙ ማዶ አቁሜ በጥንቱ የሮማውያን ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ።

ከማላጋ ቁርጡባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም፤ በመንገዱ ሁሉ አንድ ኬላ አላየሁም፣ መታወቂያ የጠየቀኝም የለም። ከአሶሳ በነቀምት አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። አባታችን የሞተ ጊዜ መንገዱ አስጊ ስለነበር ነቀምት የሚኖረው ወንድሜ ለተዕዚያ እንኳ ሳይደርስ ቀርቷል።

የወንዙ ስም ጓዳልኪቪር ነው፤ «አል-ዋዲ አል-ከቢር» ማለት ነው፣ ታላቁ ወንዝ። ወደ ምዕራብ ትንሽ ሲኬድ አልሞዶቫር የሚባል ከተማ አለ፤ እሱም «አል-ሙደወር» ነው፣ ክቡ። አሶሳ ላደገ ሰው አስተርጓሚ አያሻም፤ ብቻዬን እየነዳሁ ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር እስቅ ነበር።

መስጂዱን በ785 አካባቢ ያስጀመሩት ቀዳማዊ ዐብዱረህማን ናቸው። ዛሬም ከ850 በላይ ምሶሶዎች ቆመዋል፣ በላያቸውም ቀይና ነጭ ድርብ ቅስቶች። በ1236 ከተማዋ ስትያዝ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መሃሉን አፍርሰው ካቴድራል ሠሩበት። ሙስሊም መስገድ አይፈቀድለትም። በወርቃማ ሞዛይክ ከተሸለመው ሚህራብ ፊት እጄን ኪሴ ከትቼ በልቤ ዱዓ አደረግኩ። ዙህርን ወጥቼ ወንዙ ዳር ሰገድኩ። እስከዚህ ድረስ የአባቴ ወሬ ልክ ነበር።

በማግስቱ ወደ መዲነተ ዘህራ ነዳሁ። ከከተማው በስተምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናውን ሙዚየሙ ጋ አቁማችሁ በእነሱ አውቶቡስ ትወጣላችሁ። ሣልሳዊ ዐብዱረህማን ከ936 ጀምሮ ያሠሯት የኸሊፋው ከተማ ናት። ከመሬት የወጣው አንድ አሥረኛዋ ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪዋ ከሣሩ ሥር ተኝታለች። የተሰባበረ እብነ በረድ፣ ጣራ የሌለው በር፣ ታች ደግሞ ሜዳው ጠፍ ብሎ ይታያል። ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሳ። መቼ አፈረሷት ብዬ ማብራሪያውን ማንበብ ጀመርኩ።

1010 ይላል። ከተማዋ በክርስቲያኖች ከመያዟ 226 ዓመት በፊት!

ያፈረሷት የራሷ ሰዎች ናቸው። በ1009 ሙስሊሞች እርስ በርስ ሥልጣን ሲሻሙ ፊትናው ተነሳ፣ የበርበር ወታደሮች ዘረፏት፣ በኋላም ድንጋይዋ እየተነቀለ ለሌላ ግንባታ ዋለ። በ1031 ኸሊፋነቱ ራሱ ቀረ። ሁለቴ አነበብኩት። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወንድሜ ጋ ደወልኩና ነገርኩት።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«አባታችን ይህን ያውቅ ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

ምን ልበለው? ኪታብ ሲያገላብጥ ያረጀ ሰው ነበር። «መንገዱስ እንዴት ነው?» አልኩት እኔም። ለዒድ አሶሳ ለመሄድ እያሰበ እንደሆነ ነገረኝ፤ ሾፌሮቹን ጠይቆ ሊደውልልኝ ተስማማን። ዐስር ደርሶ ነበር፤ ወርጄ መኪናው አጠገብ ሰገድኩና ነዳጅ ልሞላ ወደ ማላጋ ተመለስኩ።